ለሴዳን መኪና የኋላ ስፖይለር በቤት ውስጥ አሠራር

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ባለ ኮሮላ፣ ባለ ያሪስና ባለ አክሰንት ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «የኋላ ስፖይለር ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ?» ይቻላል። ካልተቻኮላችሁ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይበቃችኋል።

እዚህ የማሳያችሁ ዝቅ ያለውን ዓይነት ነው። የኋላ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቀና የሚለውን ማለቴ ነው። በሁለት እግር የሚቆመውን ረጅሙን አልመክርም። የሚይዘው ነፋስ ብዙ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ እግሮቹ ላይ ያርፋል፤ የኮፈኑ ላሜራ ደግሞ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በከተማ ፍጥነት ስፖይለር ለመልክ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብላችሁ አትድከሙ። ርዝመቱ 120፣ ከፍታው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፖይለር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገፋው ነፋስ 3 ኪሎ ግድም ቢሆን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኮፈኑን ተደግፎ ወሬ የሚያወጋ ጎረቤት ግን ከዚያ ሁሉ በላይ ይጫነዋል። ስለዚህ ስትሠሩ ነፋሱን ብቻ ሳይሆን የሰውንም እጅ አስቡ።

ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ለላይኛው ቅርጽ ነው። ስፖይለር የሚነቀለው፣ ውሃ የሚያስገባው፣ ኮፈኑን የሚያስዝገው ግን በሥሩ በኩል ነው። እኔም ሥሩ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ብር ሳታወጡ በፊት

የኋላ ኮፈኑን ክፈቱና 2 ኪሎ ስኳር ወይም ጤፍ በፌስታል አድርጋችሁ ጫፉ ላይ አስቀምጡ። ኮፈኑ እንደተከፈተ ከቆመ ጥሩ። ቀስ እያለ ከወረደ ሞላው ወይም የጋዝ ማንሻው ደክሟል ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። አለበለዚያ አንድ ቀን ዕቃ ስታወርዱ ጭንቅላታችሁ ላይ ይዘጋል።

ቀጥሎ የኮፈኑን የውስጥ ልባስ አንሱና በጣታችሁ ዳስሱ። ላሜራው ሁለት ድርብ ነው፤ ውስጠኛው ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ቦሎን የምታስገቡት እጃችሁና ቁልፋችሁ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። የታርጋ መብራትና የፍሬን መብራት ሽቦ የት እንደሚያልፍም አሁኑኑ እዩ፤ ትራፓን ሽቦ አይመርጥም።

ሌላው የዓመታዊ ምርመራ ጉዳይ ነው። ቦሎ የምታድሱበት ቦታ ሄዳችሁ ተጨማሪ አካል መግጠም ችግር እንደሌለው ጠይቁ። ከተበሳ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ፖሊስተር ሬዚን (ፋይበሩን አጣብቆ የሚያጠነክረው ፈሳሽ)፣ 2 ኪሎ፣ ከራሱ ሃርድነር (ማድረቂያ) ጋር
- የፋይበር ግላስ ንጣፍ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው፣ 2 ካሬ ሜትር
- ስፕሬይ ፎም፣ ለበርና መስኮት ክፍተት መሙያ የሚሸጠው ቢጫው፣ 2 ጣሳ
- የመኪና ስቱኮ፣ 1 ኪሎ
- የብርጭቆ ወረቀት፦ 80፣ 180፣ 320 እና 600 ቁጥር
- የወረቀት ፕላስተርና የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር
- 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ 4 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 4 ቁራጮች
- ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቦሎን፣ ርዝመቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 4 ፍሬ፤ ተራ ዳዶ፣ ሰፊ ራንዴላ፣ ስፕሪንግ ራንዴላና የጎማ ራንዴላ
- ለመኪና የሚሆን ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ
- አንቲረስት፣ ሲሊኮን፣ አሴቶን፣ የፋርማሲ አልኮል
- መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ አሮጌ ብሩሽ፣ የፕላስቲክ ኩባያዎች
- ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ለኬሚካል ሽታ የሚሆን ማስክ
- ትራፓን፣ ባለ 3 እና ባለ 7 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ሴጌቶ

ሬዚኑንና ንጣፉን በአቅራቢያችሁ ካጣችሁ አዲስ አበባ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ላኩበት። ሃርድነሩ ግን ለብቻው ታሽጎ፣ ከሬዚኑ ተለይቶ ይምጣ። ሙቀትና መገለባበጥ አይወድም።

ማስጠንቀቂያ

ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ዓይናችሁን ከነካው ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጠቡና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሃርድነርን ከአሴቶን ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ሬዚንም አሴቶንም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ግቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየተቀጣጠለ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ቡናው ይቅደም፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ከዚያ ሥራው።

ኩባያ ውስጥ የተረፈ ሬዚን እየደረቀ ሲሄድ ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ብዙ ከሆነ ይጨሳል። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። ውጭ ባዶ መሬት ላይ አስቀምጡትና ሲቀዘቅዝ አንሱት።

ፋይበር ስትቆርጡና ስታሹ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ማስክ አድርጉ። ብናኙ ቆዳ ላይ ከተቀመጠ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል። ሳታሹ በቀዝቃዛ ውሃ አውርዱት።

አሠራር

1. ካርቶን ቆርጣችሁ ልኩን አውጡ። የኮፈኑን ጫፍ ኩርባ ተከትላችሁ ካርቶን ቁረጡና በፕላስተር አቁሙት። ከግራና ከቀኝ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ፤ ይህ ክፍተት ከሌለ ኮፈኑ ሲዘጋ ከጎን ላሜራው ጋር ይፋተጋል። ከዚያ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡና በመስታወት ወደ ኋላ እዩ። ካርቶኑ ከኋላ ያለ ባጃጅ የሚሸፍን ከሆነ ቁመቱን ቀንሱ። ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላ ቆሞ የላይኛው የፍሬን መብራት እንዳልተሸፈነ ይይ።

2. ኮፈኑን ሸፍኑ። መጀመሪያ የወረቀት ፕላስተር አልብሱ። በላዩ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ደርቡ። የወረቀቱ ሥራ የመኪናውን ቀለም ሳይልጥ መነሳት ነው፤ የማሸጊያው ሥራ ደግሞ ሬዚኑ እንዳይጣበቅ ማድረግ። ስፖይለሩ ከሚያርፍበት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ሸፍኑ። ባምፐሩንና የኋላ መስታወቱንም በላስቲክ አልብሱ። ጠብ ያለ ሬዚን ከደረቀ በኋላ ከቀለም ላይ የሚወርደው ቀለሙን ይዞ ነው።

3. ሬዚን ለኩ፣ ቀላቅሉ። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የኛ አገር አየር ሁለት ዓይነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ በሸሚዝ ስትሠሩ የለመዳችሁት ልክ ደሴ ላይ አይሠራም።

መለኪያው ይህ ነው። ለ500 ግራም ሬዚን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሃርድነር። ሞቅ ባለ ቀን ወደ 5 ቅረቡ፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ 10። በሲሪንጅ እንጂ በዓይን ግምት አትለኩ። ከ10 በላይ ካፈሰሳችሁ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። በጣም ካሳነሳችሁ ደግሞ ለሳምንትም ቢቀመጥ አይጠነክርም።

ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራውን ተዉት። ሃርድነር በመጨመር ብርድን ማሸነፍ አይቻልም። ደሴ ከሆናችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ተጠቀሙ። የሬዚኑን ጣሳ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ምድጃ ላይ ግን በጭራሽ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ፤ ፀሐይ የመታው ላሜራ ላይ ሬዚኑ ብሩሹን ሳታነሱ ይረጋል። ሐምሌና ነሐሴ ለሁለቱም ከተማ ጥሩ ወር አይደለም። እርጥበት የገባበት ፋይበር ይነጣል፣ ይላቀቃልም።

በአንድ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ አትቀላቅሉ፤ ሃርድነሩም በዚያው ልክ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የምትሠሩበት።

4. የሥሩን ንጣፍ አንጥፉ። ፋይበሩን የካርቶኑን ልክ ተከትላችሁ፣ በዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። ፕላስተሩ ላይ መጀመሪያ ሬዚን ቀቡ፣ ፋይበሩን አስቀምጡ፣ ከላይ በብሩሽ ቸብ ቸብ አድርጉት። አትጎትቱት፤ ክሩ ይበታተናል። ነጭ የነበረው ንጣፍ ሬዚኑን ሲጠጣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር አለበት፤ በብሩሽ ጫፍ ወደ ዳር ግፉት። ወዲያው ሁለተኛውን ድርብ ጨምሩ።

ሥሩን ኮፈኑ ላይ የምናነጥፈው ኩርባው አንድም ቦታ ሳይዛነፍ እንዲወጣ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ የመጣ ስፖይለር መሃሉ ወይም ጫፉ ከኮፈኑ ይርቃል፤ ያንን ክፍተት ደግሞ ማጣበቂያ አይሞላውም።

እስከ ማግስቱ ይደር።

5. የማሰሪያ ላሜራዎቹን አስገቡ። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ አራቱ ቁራጭ ላሜራዎች መሃል 7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አስበሱና በቀዳዳው ላይ ዳዶ አስበይዱ። ተራ ዳዶ ይሁን፤ ውስጡ ናይለን ያለበት ሲበየድ ይቀልጣል። በያጁ ቦሎን አስገብቶ ይበይድ፣ ሲቀዘቅዝ ያውጣው፤ ያለዚያ ጥርሱ ይዘጋል።

የደረቀውን ንጣፍ ከኮፈኑ አንሱ። በውስጥ በኩል እጃችሁ ይደርስባቸዋል ባላችኋቸው አራት ቦታዎች ላይ ብሱት፤ ሁለቱ ከጫፍና ከጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ ሁለቱ መሃል አካባቢ። ላሜራዎቹን ዳዶው ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡና በላያቸው ሁለት ድርብ ፋይበር በሬዚን አልብሱ። ከዚያ በፊት ዳዶው ውስጥ ግሪስ የነካው ጥጥ ወትፉ፣ አናቱንም በፕላስተር ዝጉ። ሬዚን ከገባበት ዳዶው አለቀለት።

ብዙ ሰው ቦሎኑን ራሱን ስፖይለሩ ውስጥ ይቀብራል። ያስኬዳል፤ ነገር ግን ቦሎኑ ከሥር ስለሚወጣ ሥራው እስኪያልቅ ኮፈኑ ላይ መልሳችሁ ልኩን ማየት አትችሉም። ዳዶ ከቀበራችሁ ሥሩ ልሙጥ ስለሆነ በፈለጋችሁ ጊዜ ትለኩታላችሁ።

6. ፎሙን ሙሉና ቅረጹ። ንጣፉን ኮፈኑ ላይ መልሱና በፕላስተር ያዙት። ስፕሬይ ፎሙን በስስ በስሱ ንፉ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ። ወፍራም አድርጋችሁ ከነፋችሁት ላዩ አርሮ ሆዱ ሊጥ እንደሆነ ድፎ ዳቦ ይሆናል፤ ከውጭ ደረቅ፣ ከውስጥ የሚለጠጥ። በኋላ ቀለም ከተቀባ ወዲያ ማበጥ ይጀምራል።

በማግስቱ በሴጌቶ ምላጭ ሻካራውን ቁረጡ፣ በ80 ቁጥር ወረቀት ቅረጹት። ወረቀቱን ቀጥ ባለ የ30 ሴንቲ ሜትር እንጨት ላይ ጠቅልሉት፤ በጣት የታሸ ፎም ሞገድ ያወጣል፣ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ሞገዱ ጎልቶ ይታያል። የኋላው ጠርዝ ክብ ይሁን። ስለታም ጠርዝ መኪናችሁ አጠገብ ለሚያልፍ ሕፃን አደጋ ነው፣ ሬዚንም አይዝለትም።

«የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም አለኝ፣ አይሆንም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ፖሊስተር ሬዚን ነጩን ፎም ያቀልጠዋል። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ በነጭ የእንጨት ኮላ ወረቀት ደራርባችሁ አልብሱትና ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ሬዚን ቀቡ። ማስቲሽ አትጠቀሙ፤ እሱም ያቀልጠዋል።

7. የላይኛውን ፋይበር አልብሱ። ሁለት ድርብ ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ሦስተኛ ጨምሩ፣ የሰው እጅ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። የላዩ ንጣፍ ከሥሩ ንጣፍ ጋር በዙሪያው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ይህ መገጣጠሚያ ስስ ከሆነ ውሃ ፎሙ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ከደረቀ በኋላ ላዩ ትንሽ ቢያጣብቅ አትደንግጡ፤ አየር የነካው ፖሊስተር ጠባዩ ነው። በአሴቶን ጥረጉና ማሸት ቀጥሉ።

ትርፉን ቁረጡና መዝኑት። ከ2 ኪሎ ብዙ ካለፈ ሬዚን አብዝታችኋል፤ መጀመሪያ የፈተናችሁት ኮፈን ይህን ይሸከም እንደሆነ እንደገና እዩ።

8. ስቱኮና ቀለም። ስቱኮ ስስ አድርጋችሁ ለቅልቁ፣ በ80 ጀምራችሁ በ180 ከዚያም በ320 እሹ። አንቲረስት የብረት ነው፤ ለፋይበሩ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ቀቡ፣ በ600 ከውሃ ጋር አለስልሱት። የመኪናችሁ የቀለም ኮድ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ አለ፤ ፎቶ አንሥታችሁ ለቀለም ቀላቃዩ አሳዩት። ሲልቨርና ሌላ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከሆነ ለቀለም ቀቢ ስጡት። ከሃርድነር ጋር የሚነፋ የመኪና ቀለም ያለ ተገቢ ማስክ ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክ አያድንም።

9. ኮፈኑን ብሱ። ጭንቅላታቸው የተቆረጠ አጫጭር ቦሎኖች ከሥር አስገቡና ጫፋቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ጫፎቹን የከንፈር ቀለም ቀቡ። ኮፈኑ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ስፖይለሩን ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉና አንሱ። አራት ቀይ ነጥብ ይቀራል። ሜትር ይዞ መለካት ይህን ያህል ልክ አይመጣም።

በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጀምሩ፣ በ7 ጨርሱ። ውጨኛውን ላሜራ ብቻ ብሱ። የብረት ፍርፋሪውን በብሩሽ ሳይሆን በማግኔት ወይም በእርጥብ ጨርቅ አንድ ሳይቀር ልቀሙ፤ ዝናብ በነካው ማግስት እያንዳንዷ ፍርፋሪ የዝገት ነጥብ ትሆናለች። የቀዳዳውን ከንፈር አንቲረስት ቀቡና ለአንድ ቀን ተዉት።

10. ግጠሙ። ኮፈኑን በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ አልኮልን ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። በቤንዚን አትጥረጉ፤ ቅባት ትቶ ያልፋል። ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያውን በስፖይለሩ ዙሪያ ሳታቋርጡ ለጥፉ። በየቀዳዳው ዙሪያ ሲሊኮን አድርጉ፣ አሳርፉ፣ በጠቅላላ ርዝመቱ ላይ በመዳፍ ተጫኑ።

ከውስጥ በኩል ቦሎኑ ላይ ስፕሪንግ ራንዴላ፣ ሰፊ ራንዴላ፣ ከዚያ የጎማ ራንዴላ አድርጋችሁ አስገቡ። በእጅ እስኪይዝ ድረስ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁ ላሜራው ይሰረጉዳል፣ ጉድጓዱም ከውጭ ይታያል። ስፕሪንግ ራንዴላውን አትርሱ፤ በኮብልስቶን መንገድ ላይ በየቀኑ የሚነቀነቅ ቦሎን መላላቱ አይቀርም።

ማጣበቂያው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ነው፤ ያውም ሙቀት ባለበት። ሦስት ቀን አታሳጥቡት።

11. ፈትሹ። ሦስቱ ቀን ሲሞላ ኮፈኑ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና ከውስጥ በባትሪ እዩ። ከዚያ ስፖይለሩን በሁለት እጅ ያዙና ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። መንቀጥቀጥ ወይም ቀጭ ቀጭ ማለት የለበትም። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ንዱ፣ ቀጥሎ ሜዳ መንገድ ላይ እስከ 60 ኪሎ ሜትር። ቆማችሁ በእጅ ዳስሱት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ለመጀመሪያ ሙከራ አትምረጡ፤ እዚያ ዓይናችሁ ፍሬንና ኩርባው ላይ ይሁን። ከሳምንት በኋላ ቦሎኖቹን አንዴ ቁልፍ አስነኩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

በማጣበቂያ ብቻ መለጠፍ። ጠባብና ቀላል የሆነ ላስቲክ ብቻ ከሆነ ይይዛል። የፋይበሩ ግን ይከብዳል፣ የደሴ የሌሊት ብርድና የቀን ፀሐይም እየተፈራረቁ ጠርዙን ያነሱታል። ቦሎን ይግባ።

በቦሎን ሳይሆን በቪት ማሰር። ቪት ስስ ላሜራ ላይ የሚይዘው በአንድ ጥርስ ነው፤ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳውን አስፍቶ ይወጣል።

ለዝናብ ውሃ መውረጃ አለማሰብ። የስፖይለሩ ፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ ውሃና አቧራ ከፊቱ ይጠራቀማል። ፊቱ ከኮፈኑ ተነስቶ በዝግታ ከፍ ይበል፣ ሁለቱ ጫፎችም ዝቅ ብለው ያልቁ።

መኪና አጣቢውን አለመንገር። በግፊት የሚረጨውን ውሃ በቅርብ ሆኖ ከሥሩ ከሰደደው ሲሊኮኑን ያነሳዋል። «ወንድሜ፣ እቺን ከራቅ አድርገህ» ማለት በቂ ነው።

ማንሳት ለፈለገ

መኪናውን ልትሸጡ ነው እንበል፣ ገዢው ደግሞ ስፖይለሩን አልወደደውም። ቦሎኖቹን ፍቱ። ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጉ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን፣ ሐይቅ ከተማ በቀላሉ ታገኙታላችሁ፣ ከሥሩ አስገብታችሁ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ እንደ መጋዝ ሳብ መለስ አድርጉ። ቢላዋ አታስገቡ፣ ቀለሙን ይቧጥጣል። የቀረውን ማጣበቂያ በአውራ ጣት እያንከባለላችሁ አንሱ፣ ቀሪውን በአልኮል። አራቱን ቀዳዳዎች ለጊዜው በጎማ መክደኛ ዝጉ፤ ለዘለቄታው ግን ባትላሜራ ቤት ይሂድ።